ቴምፖራሪው ለምን በ3ኛው ቀን ይወልቃል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የምሠራ ጥርስ ሐኪም ነኝ። ከተመረቅኩ ገና 1 ዓመቴ ነው። ለክራውን (ጥርሱን ለሚሸፍነው ሰው ሠራሽ ቆብ) ጥርስ ስሞርድ ቴምፖራሪውን፣ ማለትም ዋናው ክራውን እስኪደርስ የሚቆየውን ጊዜያዊ ሽፋን፣ የምሠራው በራሱ በሚደርቀው አክሪሊክና (ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚደባለቅ ፕላስቲክ) በአልጂኔት (የጥርስን ቅርጽ ገልብጦ ልክ የሚወሰድበት ለስላሳ ዕቃ) ነው። አንዳንዴ ሳላወጣው ጥርሱ ላይ ይደርቅብኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ታካሚው በ3ኛው ቀን በሶፍት ጠቅልሎ ይዞልኝ ይመጣል። አንዲት ታካሚም ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት አቃተኝ ብላኛለች። የክሊኒኩ ባለቤት ላቡ (ክራውኑን የሚሠራው ላቦራቶሪ) በ10 ቀን ስለሚያደርስ ለ10 ቀን ብለሽ አትድከሚ ይሉኛል። የቱ ጋ ነው የምሳሳተው? እንደ ፕሮቴምፕ ያለው ውድ የቴምፖራሪ መሥሪያ ዕቃ ካልተገዛልኝ ደህና ቴምፖራሪ መሥራት አልችልም ማለት ነው?»

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ከጠየቅሽው ልጀምር። ትችያለሽ። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት የሠራሁት በዱቄትና በፈሳሽ አክሪሊክ ነው። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ሥራው ርካሽ አይሆንም። የሚፈልገው ሰዓት ማየትና ጠርዙ ላይ አለመቸኮል ነው።

አሁን ወደ 10 ቀኑ ልምጣ። ይህን አነጋገር እኔም ሰምቼዋለሁ፤ አምኜውም ነበር። ሥራ በጀመርኩ በ2ኛው ዓመት የአንዲት መምህርት የታችኛውን የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ሞረድኩ። ነርቩ ቀደም ብሎ የታከመ ስለነበር አያማትም። ላቡ በሳምንት አደርሳለሁ ስላለኝ ያለ ቴምፖራሪ ሸኘኋት። መሐል ላይ ፋሲካ ገባ። እሷም ዘመድ ልትጠይቅ ክፍለ ሀገር ወረደች። ሳምንቱ 3 ሳምንት ሆነ። ስትመለስ ክራውኑን ባስገባው ባስገባው አልቀመጥ አለ። ስልክ አንስቼ ቴክኒሺያኑን ተቆጣሁት። ሰውየው በማግስቱ ሞዴሉን በካርቶን ይዞ መጣ። ምንም ሳይናገር ክራውኑን ሞዴሉ ላይ አስቀመጠው። ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። ችግሩ ሴትየዋ አፍ ውስጥ ነበር። ጎረቤት ጥርሶቿ ወደ ባዶው ቦታ ዘመም ብለዋል፤ የላይኛው መንጋጋ ጥርስም ወደ ታች ወርዷል። ቴክኒሺያኑን ይቅርታ ጠየቅኩት። እንደገና ልክ ወስጄ በራሴ ወጪ አሠራሁላት።

ስለዚህ ለባለቤቱ በገንዘብ ቋንቋ ንገሪያቸው። ላቡ የሚልከው ክራውን የሚገጥመው ጥርሱ በ10ኛው ቀንም የዛሬው ቦታው ላይ ከተገኘ ነው። ቦታውን የሚጠብቅለት ቴምፖራሪው ነው። ድዱም ባዶ ከተተወ ጠርዙ ላይ ይወጣበታል። በሚገጠምበት ቀን ይደማል፤ ሲሚንቶውም ደም ላይ አይዝም። አንድ ክራውን እንደገና ማሠራት ስንት ቴምፖራሪ እንደሚያሠራ ባለቤቱ ከአንቺ በላይ ያውቃሉ።

ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሌላ ጥቅም አለው። ቴምፖራሪው ስለ ሞረድሽው ጥርስ እውነቱን ይነግርሻል። የት እንዳሳነስሽ፣ የት እንዳበዛሽ፣ ዋናው ክራውን ይይዝ አይይዝ እንደሆነ ከላቡ በፊት የሚያሳይሽ እሱ ነው። ለዚህ ነው ቴምፖራሪውን ዋናውን ልክ ከመውሰዴ በፊት የምሠራው። ብዙ ሰው ልክ ወስዶ፣ ደክሞት፣ ታካሚውም አፉን መክፈት ሰልችቶት ሳለ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ይሠራዋል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ብትገለብጪው ግማሹ ችግርሽ ይቀላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ልኩን በሲሊኮን የምትወስጂ ከሆነ ከቴምፖራሪው የቀረው ቫዝሊን (እንዳይጣበቅ የምንቀባው) እና ያልደረቀ ሬዚን (አክሪሊኩ ራሱ) ሲሊኮኑን እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ጥርሱን በፑሚስ (በጥርስ ማጽጃው ዱቄት) ጥረጊው፣ በደንብ እጠቢው፣ ከዚያ ልኩን ውሰጂ።

አሁን ስለሚደርቅብሽ አክሪሊክ። የምትሠሪው ድሬዳዋ ነው። አክሪሊክ በሞቀ ክፍል ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። ቀዝቀዝ ያለ ከተማ የተማርሽው ሰዓት እዚያ አይሠራልሽም። የፈሳሹን ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። የምትደባልቂበትንም ትንሽ ብርጭቆ አቀዝቅዢው፤ ውሃ ካዘለ ግን በደንብ አድርቂው። ፈሳሹ እሳት ስለሚይዝ ከነበልባል አርቂው። ላቴክስ ጓንትን አልፎ ቆዳ ስለሚነካ ደግሞ በጣትሽ አትለውሺው፤ እጃቸው ተቆጥቶባቸው ሥራ ያቆሙ ባልደረቦች አውቃለሁ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ታካሚ በሌለበት ጊዜ ቁጭ በይ። የስልክሽን ሰዓት መቁጠሪያ ክፈቺና ደባልቂ። መጀመሪያ ፈሳሹን፣ ከዚያ ዱቄቱን እስኪጠጣ ድረስ ጨምሪ፤ የተረፈውን ዱቄት አራግፊው። አሁን እርጥብ አሸዋ ይመስላል። ቀጥሎ በስፓቹላ ስታነሺው እንደ ማር ክር ያወጣል። ቀጥሎ ማብረቁን ይተውና ሊጥ ይሆናል፤ ከስፓቹላው ጋርም አይጣበቅም። ከዚያ ላስቲክ ይሆናል። መጨረሻ ድንጋይ። እያንዳንዱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው። ያ ወረቀት ከአምራቹ መመሪያ ይበልጥሻል፤ የተጻፈው ለአንቺ ክፍል ነውና። ክር በሚያወጣበት ጊዜ ከጫንሽው ይፈስሳል፣ አየር ይይዛል፣ ሽታውም ታካሚውን ያስጨንቃል። ሊጥ ሲሆን በአልጂኔቱ ልክ ውስጥ ጨምረሽ ጥርሱ ላይ ጫኚ። ላስቲክ ሲሆን አውጪ። በጣም ቀድመሽ ካወጣሽው ይጣመማል፤ ካረፈድሽ ይቆለፋል። ትርፉን በፕሮብ (በቀጭኑ የመመርመሪያ መሣሪያ) እየነካሽ ጠብቂ። ፕሮቡ ሲገፋው ጎድጎድ ብሎ መልሶ ከሞላ ሰዓቱ ደርሷል።

አንዴ አውጥተሽም አትተዪው። በትንሹ አንሺው፣ መልሺው፣ አንሺው፣ መልሺው። በየመሐሉ ውሃ ርጪበት። ይህ ሁለት ሥራ ይሠራል። እንዳይቆለፍ ይከላከላል፤ ሙቀቱንም ያበርዳል። ሙቀቱን ቀላል አድርገሽ አትዪው። ዛክና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 ዓ.ም. በፈረንጆች በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የነርቩ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ሲጨምር 15 በመቶ የሚሆኑት ጥርሶች ነርቭ ሳያገግም ቀርቷል። አክሪሊክ ሲደርቅ የሚያወጣውን ሙቀት ጣትሽ ላይ ይዘሽ ታውቂዋለሽ። እዚህ ላይ አልጂኔትሽ ይረዳሻል። እርጥብና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀት ይስባል። አንዳንዱ በአልጂኔት ፈንታ የሚጠቀምበት በቫኩም የተሠራው ቀጭን ፕላስቲክ ግን ሙቀቱን ወደ ጥርሱ ይመልሰዋል። ላስቲክ ከሆነ በኋላ የቀረውን ድርቀት ከአፍ ውጭ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ይጨርስ።

ቢቆለፍስ? አትታገይው። ክራውን ማውጫውን እያንኳኳሽ ታካሚውን አታስደንግጪ። በከንፈር በኩል በቡር (በመሞረጃው ማሽን ጫፍ) ሰንጥቂው፣ ክፈቺው፣ እንደገና ጀምሪ። የሚቆለፈው አብዛኛውን ጊዜ በሞረድሽው ጥርስ ላይ አይደለም። በጎረቤት ጥርሶቹ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ገብቶ ነው የሚይዘው። ድዱ የሸሸ ታካሚ ላይ ይህ ይብሳል። ከመጀመሪያው ያንን ቦታ በለስላሳ ሰም ድፈኚው። ቫዝሊኑንም በሞረድሽው ጥርስ ላይ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቹና በድዱ ላይ ቀቢ። ጥርሱን በኮምፖዚት (በነጩ የጥርስ መሙያ) ገና ያን ዕለት የሞላሽው ከሆነ በተለይ ተጠንቀቂ። ትኩስ ኮምፖዚት ከቴምፖራሪው ሬዚን ጋር አንድ ይሆናል። ጥርስና ቴምፖራሪ ተጣብቀው ሙሉ ከሰዓት ያሳለፍኩበት ቀን አለ።

ስለ አልጂኔቱ ጥቂት ልበል። ከመሞረድሽ በፊት የምትወስጂው ልክ የቴምፖራሪው መልክ ነው። ጥርሱ የተሰበረ ከሆነ የጎደለውን በሰም ሞልተሽ ውሰጂ፤ አለዚያ ስብራቱን ነው የምትገለብጪው። አልጂኔት እንደ እናንተ አገር ባለ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ይደርቃል፣ ይሸበሸባልም። በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ አስቀምጪው። በጥርስና ጥርስ መሐል የገቡትን ቀጫጭን ክንፎች በቢላ ቁረጫቸው። እነሱ ናቸው ሲታጠፉ ልኩን የሚያነሱት። አክሪሊክ ሳትጨምሪ አንዴ አፍ ውስጥ መልሰሽ ሞክሪው፤ በትክክል መቀመጡን እጅሽ ያውቀዋል። ከተቻለ ግን ለዚህ ሥራ የሲሊኮን ፑቲ እንዲገዛልሽ ጠይቂ። አይደርቅም። ቴምፖራሪው ቢሰበር በሳምንቱ በዚያው ልክ ሌላ ትሠሪያለሽ።

ጠርዙ ጋ ደርሰናል። ያቺ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት ያቃታት ታካሚሽ ያለችው እዚህ ነው። አክሪሊክ ሲደርቅ 6 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሠራሽው ቴምፖራሪ ምንም ብትጠነቀቂ ጠርዙ ላይ ክፍተት ይኖረዋል። ያ ክፍተት የሞረድሽውን ዴንቲን (ከጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን ሥር ያለውን ክፍል) ያጋልጣል። ዴንቲን በ1 ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉት፤ ውስጣቸው ፈሳሽ ነው። ቀዝቃዛ ሲነካው ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ ነርቩ ያን ይሰማል። መፍትሔው ሁለተኛ ዙር ነው። ቴምፖራሪውን ከውስጥ በቡር ትንሽ ፋቂው። ጠርዙን በፈሳሹ አርጥቢው። ቀጠን ያለ ድብልቅ ጠርዙ ላይ ጨምረሽ መልሺው፣ ይነከስበት። እንደበፊቱ አንሺ፣ መልሺ። ሲደርቅ ጠርዙን በቀጭን እርሳስ አስምሪው። የምትሞርጂው ከእርሳሱ መስመር ውጭ ያለውን ብቻ ነው። መስመሩን ሳታሰምሪ ዲስክ ካነሳሽ ጠርዙን መብላትሽ አይቀርም። እኔ ዛሬም ያለ እርሳስ አልሠራም።

ትርፍ እንዳይኖረውም እይው። ድዱ ላይ የሚገፋ ሆድ ካለው ወይም በጥርሶቹ መሐል ለድዱ ቦታ ካልተወ በ10 ቀን ውስጥ ድዱ ያብጣል። ፕሮብሽን ከጥርሱ ወደ ቴምፖራሪው፣ ከቴምፖራሪው ወደ ጥርሱ አንሸራትቺው። ሲሄድ ከተደናቀፈ ትርፍ አለ። ሲመለስ ከተደናቀፈ አጥሯል። ለስለስ አድርገሽ ጨርሺው፤ ሸካራ አክሪሊክ በርበሬና እርድ ይይዛል። የፊት ጥርስ ከሆነ ታካሚው በሳምንቱ ቢጫ ጥርስ ይዞ ይመጣል።

አሁን አውጪውና ወደ መስኮቱ አዙሪው። ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ አለ? እዚያ ላይ ጥርሱን አሳንሰሽ ሞርደሻል። ውፍረት መለኪያ ካለሽ ለኪው። የመንጋጋ ክራውን በማኘኪያው በኩል 1.5 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ቴምፖራሪው 0.8 ካለሽ ላቡም ያለው ቦታ ያው 0.8 ነው። ቴክኒሺያኑ ወይ አቅጥኖ ይሠራዋል፣ ያኔ ይሰነጠቃል፤ ወይ አወፍሮ ይሠራዋል፣ ያኔ አንቺ አፍ ውስጥ ሞርደሽ ታበላሺዋለሽ። ልኩን ገና ስላልወሰድሽ ግን ቡርሽን አንስተሽ በ2 ደቂቃ ታስተካክይዋለሽ። ቴምፖራሪውን ቀድመሽ ሥሪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

በሶፍት ተጠቅልሎ ስለሚመጣው ደግሞ። መጀመሪያ ንክሻውን ተጠራጠሪ። ከፍ ያለ ቴምፖራሪ በየንክሻው ይመታል፤ ሲሚንቶው ይላላል። የንክሻ ወረቀት አስገብተሽ ቀጥ ብሎ ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኝ እያፋጨም ይንከስ። ሁለተኛ ውስጡን እይ። ያ ሁሉ የቀባነው ቫዝሊን ውስጡ ላይ አለ። በአልኮል ካልጠረግሽው ሲሚንቶው የሚይዘው ቫዝሊኑን ነው። ይህ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። ብዙ ጊዜም ወጣት ሐኪሞች ሲሚንቶውን ሲቀያይሩ ይከርማሉ፤ ጥፋቱ ግን የሲሚንቶው አይደለም። ሦስተኛ ምራቅ። ጥጥ አድርጊ፣ አድርቂ፤ ሕያው ጥርስን ግን በአየር አታሰቃዪው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው አሁንም ከወለቀ ወደ ጥርሱ ተመለሺ። ግድግዳው አጥሯል ወይም እንደ ሾጣጣ ኮፍያ ወደ ላይ በጣም ጠቧል። የመንጋጋ ጥርስ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ያህል ቁመት ያስፈልገዋል። በተደጋጋሚ የወለቀ ቴምፖራሪ ዋናውም እንደሚወልቅ እየነገረሽ ነው። ጎኑ ላይ ቀጭን ቦይ አውጪለት ወይም ጥርሱን አስቀድመሽ ገንቢው። በምንም መንገድ ግን ቴምፖራሪውን በቋሚ ሲሚንቶ አትለጥፊው። በ10ኛው ቀን ስታወጪው ጥርሱን ልትሰብሪው ትችያለሽ።

ስለ ሲሚንቶው ምርጫ። ያ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸተው ውስጡ ዩጂኖል አለው፤ ሽታውም የቅርንፉድ ዘይት የሆነው ለዚያ ነው። ነርቩን ያረጋጋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ዩጂኖል ሬዚን እንዳይደርቅ ያውካል። ዋናውን ክራውን በሬዚን ሲሚንቶ የምትለጥፊ ከሆነ ዩጂኖል የሌለበትን ተጠቀሚ። በግላስ አዮኖመር ሲሚንቶ ከሆነ ችግር የለውም። አንድ ጊዜ በዩጂኖል የተለጠፈ ቴምፖራሪ ላይ አክሪሊክ ልትጨምሪ ብትፈልጊም አዲሱ አይይዝልሽም፤ ውስጡን በቡር ፍቀሽ ንጹሕ አክሪሊክ ማግኘት አለብሽ። ቴምፖራሪውን በሲሚንቶ አትሙዪው። ሲሚንቶውን ጠርዙ አካባቢ በውስጥ በኩል ስስ አድርገሽ ቀቢው። ከደረቀ በኋላ በጥርስ መሐል ያለውን ትርፍ በፍሎስ (በጥርስ ማጽጃ ክር) አውጪ፤ ፍሎሱን ግን ወደ ላይ አትሳቢው፣ በጎን አውጪው። ለታካሚውም ይህንኑ አሳዪው።

ታካሚውን ስትሸኚ በእሱ ኑሮ አናግሪው። ጠንካራ ነገር አትብላ ማለት አይበቃም። በዚያ በኩል ቆሎ፣ ማስቲካና ቴምር አትብላ በይው። ጫት የሚቅም ከሆነ በየትኛው ጉንጩ እንደሚይዝ ጠይቂው፤ ቴምፖራሪው ያለበት በኩል ከሆነ ለ10 ቀን ይተወው ወይም ጎኑን ይቀይር። በመፋቂያ የሚፋቅ ከሆነ ጠርዙን ወደ ላይ እንዳይገፋው ንገሪው። ከወለቀ ምሽት እንኳ ቢሆን ይደውል። እስኪመጣ ድረስ ውስጡን አጥቦ ትንሽ ቫዝሊን አድርጎ መልሶ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሲተኛ ግን ያውጣው፣ ሊውጠው ወይም ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ይችላል። ሱፐር ግሉ እንዳይጠቀም በግልጽ ንገሪው። የተጠቀሙ አይቻለሁ።

ፕሮቴምፕና ሉክሳቴምፕ የሚባሉት ባይስአክሪሎች (ከአክሪሊክ የተለዩ የቴምፖራሪ መሥሪያ ሬዚኖች) በእርግጥ ይመቻሉ። ብዙ አይሞቁም፣ ትንሽ ነው የሚኮማተሩት፣ ሽታቸውም አያስቸግርም። የጎደለ ጠርዝ በፈሳሽ ኮምፖዚት ይሞላል። ባለቤቱ ከፈቀዱ ነርቩ ሕያው ለሆነና ለፊት ጥርስ ያዢው። ለረዥም ብሪጅ (የጎደለ ጥርስን ለሚተኩ የተያያዙ ክራውኖች) እና ለወራት ለሚቆይ ሥራ ግን እኔ አሁንም አክሪሊክ እመርጣለሁ፤ ባይስአክሪል ይሰበራል።

ለዚያች ታካሚሽ ነገ ደውዪላት። ቀዝቃዛ ሲነካት ጥርቅ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ጠርዙ ተከፍቷል፤ ሁለተኛ ዙር ሥሪላት። ስትነክስ የሚያማት ከሆነ ከፍ ብሏል። ትኩስ ሻይ ሲነካው የሚቀሰቀስና ለደቂቃዎች የሚቆይ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃ ከሆነ ግን ጉዳዩ የነርቩ ነው። እንዲያ ከሆነ ላቡ ጋ ደውለሽ ክራውኑን አስቁሚ። ነርቩን አክመሽ ከዚያ ትቀጥያለሽ።